ክሩን ካወረድከው ሥዕሉንም ቀይረው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የጊታሬን ወፍራም ክር ከኢ ወደ ዲ አወረድኩት። ዲ ስመታ ደስ የሚል ግርማ አለው፤ ጂ ስይዝ ግን ጆሮ ይረብሻል። ስልኬ ላይ ባለው መተግበሪያ የኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሥዕል መሠረት ነው የያዝኩት። ጊታሩ ተበላሽቶ ይሆን? የእህቴን ክራርስ እዚያው መተግበሪያ ላይ ማስገባት ይቻላል? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ጊታርህ ደህና ነው። ሥዕሉ ግን የሌላ ቅኝት ነው። የተሣለው ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብሎ ለተቃኘ ጊታር ነው። አንተ አንዱን ክር ስላወረድክ እዚያ ክር ላይ ያለው ድምፅ በሙሉ ሁለት ፍሬት (አንገቱ ላይ በተሻገሩት ብረቶች የሚከፈለው ቦታ) ወደ ሳጥኑ ሸሽቷል። ጂን እንደ ድሮው ስትይዝ 3ኛው ፍሬት ላይ የሚወጣው ኤፍ ነው፣ የረበሸህም እሱ ነው። ትክክለኛው ጂ 5ኛው ፍሬት ላይ ነው፣ ግን ለጣት ይርቃል። እኔ ብሆን ያን ክር አፍኜ አልፈዋለሁ።

ኢ ማይነር ደግሞ በጣም ይቀልልሃል። ሦስቱን ወፍራም ክሮች 2ኛው ፍሬት ላይ በአንድ ጣት ተጫን፣ የቀሩትን ክፍት ተዋቸው፣ አለቀ። ዲ ሜጀርን ድሮ በአራት ክር ነበር የምትመታው፣ አሁን ስድስቱንም ምታ።

መተግበሪያው የራስህን መሣሪያ እንድትፈጥር ከፈቀደልህ መጀመሪያ የክሩን ብዛት አስገባ፣ ቀጥለህ የእያንዳንዱን ክር ድምፅ ከነቁጥሩ፤ ቁጥሩ ያው ስም ያላቸውን ወፍራምና ቀጭን ድምፆች ይለያል። የወረደው ክር ዲ2 ነው፣ ከቀጭኑ ሲቆጠር አራተኛው ክር ዲ3። ይሄን ካምታታኸው የሚያወጣልህ ኮርድ ሁሉ የተዘበራረቀ ይሆናል።

ክራር ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ፍሬት የለውም፤ የድሬው ልጅ ዓሊ ቢራ የተጫወተበት ዑድም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ለእህትህ ወረቀት ይሻላታል። ስድስት መስመር ታስምር፣ የሚመታው ክር ላይ ክብ፣ በግራ እጇ ጣት የሚታፈነው ላይ ኤክስ ታድርግ። በትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ብላ ከቃኘች፣ ስድስተኛው ክር ላይኛው ሲ ይሆናል። ሲ ኮርድን ስትፈልግ ዲን እና ኤን ታፍናለች፣ ማለትም ከዝቅተኛው ድምፅ ሲቆጠር 2ኛውን እና 5ኛውን ክር። ወደ ባቲ ከቀየረች፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ፣ ለዚያው ለሲ ኮርድ የሚታፈኑት 3ኛው እና 5ኛው ይሆናሉ። ኮርዱ አንድ፣ ሥዕሉ ሌላ! ስለዚህ እባካችሁ ከእያንዳንዱ ሥዕል አናት ላይ የቅኝቱን ስም ጻፉ፣ ከወር በኋላ ማን ያስታውሰዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በድሬ ሙቀት የብረት ክር ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። ከሰዓት ደጅ ልትጫወት ከሆነ ቤት ቃኝተህ አትውጣ፤ ጊታሩን ጥላ ሥር ጥቂት አቆየውና እዚያው ቃኘው።