ቻይና ሄደሽ ባህሉን በእጅሽ መማር ከፈለግሽ፣ ከብሩሹ ጀምሪ

እህቴ፣ «በመስከረም ለትምህርት ቤጂንግ ልሄድ ነው፤ ባህላቸውን በተግባር ለመማር ከየቱ ልጀምር? ከሻይ፣ ዝግ ብሎ ከሚሠራው የሰውነት እንቅስቃሴ ከታይ ቺ ወይስ ከብሩሽ ጽሕፈት?» ብለሽ ጠይቀሻል። እዚያ ሦስት ዓመት ተምሬያለሁ። ከጽሕፈቱ ጀምሪ እልሻለሁ።

ግን ለቱሪስት የሚዘጋጀው የአንድ ሰዓት ክላስ ይቅርብሽ። እኔ ገብቼበት ነበር። አስተማሪው እጄን ይዞ አጻፈኝ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ ወጣሁ። በቃ።

የተማርኩት ግቢ ውስጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን በሚሰጠው ክላስ ነው። ወር ሙሉ የጻፍነው አንድ ፊደል ብቻ ነበር፤ «ዮንግ»፣ ዘላለም ማለት ነው። ስምንቱ መሠረታዊ ጭረቶች በሙሉ እሱ ውስጥ አሉ። ብሩሹን ቀጥ አድርገሽ ትይዣለሽ። ክርንሽን ከጠረጴዛው ታነሻለሽ። በጫፉ ነካ፣ ጫን፣ ጎተት፣ መጨረሻ ላይ መለስ። ሹዋን የሚባለው ወረቀት ቀለም ይመጥጣል፤ ትንሽ ከዘገየሽ ይንሰራፋል፣ ማጥፋት ደግሞ የለም። መምህሬ ከፊደሉ ይልቅ ትከሻዬን ነበር የምታየው። ትንፋሼን ከያዝኩ መስመሩ እንደሚንቀጠቀጥ ታውቃለች። ከፈተና ጭንቀት ያሳረፈኝ ያ ክላስ ነው።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ እዚያው ቤጂንግ ያለው ቲያንታን ፓርክ ሂጂ። ጡረታ የወጡ አባቶች በረጅም ብሩሽ ውሃ እየነከሩ መሬት ላይ ይጽፋሉ። የመጀመሪያው መስመር ሲደርቅ እነሱ ሌላ ጀምረዋል። አንድ ቀን ቆሜ ሳይ አንድ ሽማግሌ ብሩሹን አቀበሉኝ። «ዮንግ» ጻፍኩ። ዝም ብለው አዩና የመጨረሻውን ጭረት ብቻ አጠገቡ ደግመው ጻፉልኝ። ስህተቴ የቱ ጋ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ታይ ቺም እዚያው አለ፣ በነፃ። 24 እንቅስቃሴ ያለው አጭሩ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1956 የተዘጋጀ ነው፤ ለጀማሪ ይሆናል። ከኋላ ቆመሽ ተከተዪ፣ ማንም አይቆጣሽም።

ሻዩን ቀስ ብለሽ ትደርሺበታለሽ። ለጊዜው ሎንግጂንግ የሚባለውን አረንጓዴ ሻይ በሚፍለቀለቅ ውሃ እንዳታቃጥዪው፤ ወደ 80 ዲግሪ በረድ ይበል። አደራ፣ ቱሪስት በሚበዛበት ሰፈር «ነይ ሻይ አፈላላችንን እናሳይሽ» የሚሉሽን የማታውቂያቸውን ሰዎች አትከተዪ። ጓደኛዬ የወር ኪሷን አራግፋ ነው የወጣችው።

ብሩሽ ስትገዢ መካከለኛ መጠን ያለው፣ ለስላሳና ጠንካራ ፀጉር የተቀላቀለበት ይሁን። ለልምምድ ሹዋን አታባክኚ፤ ሳጥን ሳጥን የተሰመረበት ርካሽ ወረቀት አለ።