«አያመኝም» ያለችው ልጅ ለምን አልጋ ያዘች?

እህቴ፣ የአራት ዓመት ልጅሽ ትኩስ ሻይ ደረቱና ሆዱ ላይ ተደፍቶበት ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ በፋሻ ተጠቅልሎ ወደ ቤት ተመለሰ። የጋለ ምጣድ እጇን የያዛት የጎረቤትሽ ልጅ ግን ቁስሏ መዳፍ ሳያህል፣ «አያመኝም» እያለች አልጋ ተሰጣት። «ፍርዱ ምኑ ላይ ነው?» ብለሻል። በቃጠሎ ክፍል 11 ዓመት ነርስ ነበርኩና ልንገርሽ።

የሚጮኽ ሕፃን ሲመጣልን ግማሽ ልባችን ይረጋጋል፤ የሚያመው የቆዳው ነርቮች በሕይወት ስላሉ ነው። የቃጠሎን ጥልቀት በደረጃ እንለያለን፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቁስሉ ይጠልቃል። ውሃ የቋጠረ፣ ሲገለጥ ረጥቦ ሮዝ የሚመስል፣ በጣት ሲጫኑት ነጥቶ ሲለቁት የሚቀላ ቁስል ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ያውም ጥልቀት የሌለው። ካልመረቀዘ በሁለት ሦስት ሳምንት ይድናል። የጎረቤትሽ ልጅ ቁስል እንደ ጻፍሽው ነጭና እንደ ቁርበት የደረቀ ከሆነ ግን ሦስተኛ ደረጃ ነው፤ ነርቮቹም አብረው ተቃጥለዋል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ከጭን ቆዳ ተወስዶ ይተከልለታል። የሚጥል በሽታ እሳት ላይ የጣላቸው ሰዎች በአብዛኛው እንዲህ ሆነው ነው የሚመጡት፤ ራሳቸውን ስተው ስለሚቆዩ እሳቱ ጊዜ ያገኛል።

ስፋቱ የሚለካው ከመላው የሰውነት ቆዳ በመቶኛ ነው። የታማሚው የራሱ መዳፍ ከነጣቶቹ 1 በመቶ ያህላል፤ የልጅሽን ቁስል በልጅሽ መዳፍ ለኪ እንጂ በአንቺ አይሆንም። ለአዋቂ ጭንቅላት 9፣ አንድ ክንድ 9፣ አንድ እግር 18 ብለን እንቆጥራለን። የጨቅላ ጭንቅላት ግን ብቻውን 18 ገደማ ይደርሳል። የቀላ ብቻ ቦታ አይቆጠርም። እኔ ጀማሪ ሳለሁ መቅላቱን ሁሉ ደምሬ 20 ብዬ ጻፍኩ፤ ሐኪሙ 12 አድርጎ አረመኝ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ የሚሰላው በዚሁ ቁጥርና በክብደት ስለሆነ ስህተቱ ቀላል አልነበረም። በልጅ ከ10፣ በአዋቂ ከ15 በመቶ ካለፈ ፈሳሹ ግድ ነው።

ቦታውም ይፈርዳል። ፊት፣ እጅ፣ የእግር መዳፍ፣ ብልት፣ መገጣጠሚያ ላይ ያለ ቁስል ትንሽ ቢሆንም ያስተኛል። ኤሌክትሪክ ደግሞ ከላይ ነጥብ ትቶ ውስጡን ሊጨርስ ይችላል። በተዘጋ ቤት እሳት ውስጥ የቆየ ሰው ድምፁ ከጎረነነ ወይም አፍንጫው ውስጥ ጥላሸት ካለ ቆዳው ደህና ቢመስልም በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ ይድረስ።

የመጀመሪያው ቀን ግምት ግን የመጨረሻ አይደለም፤ ቁስል በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሊጠልቅ ስለሚችል ከቀጠሮው አትቅሪ። ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ካለ ቀጠሮም አትጠብቂ። ቀባሁለት ስላልሽው የጥርስ ሳሙና አልቆጣሽም፤ ሁሉም ቤት ያለ ነገር ነው። ለሌላ ጊዜ 20 ደቂቃ የቧንቧ ውሃ አፍስሺበት። ሳሙናው የቁስሉን ቀለም ስለሚሸፍን ደረጃውን ለማየት እኛው አጥበን ማስለቀቅ አለብን፤ ያን ጊዜ ልጁ እንደገና ይጮኻል።