ትከሻ ላይ የምትደርሰው ኳስ፦ ስለ ፌዴረርና ናዳል ለተጠየቀው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። «ፌዴረር ያን ያህል ምርጥ ከነበረ ናዳል ለምን ያሸንፈው ነበር? በ2017 ነገሩ እንዴት ተገለበጠ? እኔስ ግራኝ ጓደኛዬን ማሸነፍ ለምን አቃተኝ?» ብለሃል። ለኔ ሦስቱም አንድ ጥያቄ ናቸው፤ ከሁለቱ የቴኒስ ኮከቦች ናዳል ራሱ ግራኝ ነው፣ ፌዴረር ደግሞ በቀኙ ነው የሚጫወተው። ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የምመልስልህ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ይህን ከምን ተነስቼ እንደምል ልንገርህ። አዲስ አበባ ውስጥ ቴኒስ ሜዳ ላይ ኳስ እያቀበልኩ ነው ያደግኩት። ትልልቆቹ አረፍ ሲሉ ራኬታቸውን እየተዋስን እንመታ ነበር። ባክሃንድ፣ ማለት ራኬት ከያዝክበት እጅ በተቃራኒ ወገን የመጣችን ኳስ መምታት፣ በአንድ እጅ ነው የለመድኩት፤ የማያቸው ሰዎች ሁሉ እንደዚያ ይመቱ ስለነበር። ሜዳችን ቀይ አፈር ነው። ዛሬም እሁድ ጠዋት ከሜዳ አልጠፋም። አብሮ አደጌ ግራኝ ነው፣ እሱን ለብዙ ዓመታት ማሸነፍ አልቻልኩም። እሱን የሚያሸንፉትን ሰዎች እኔ አሸንፋቸዋለሁ። ከእሱ ጋር ስገናኝ ግን ሁሌም ተሸናፊው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ፌዴረር በናዳል ሲሸነፍ ሳይ የራሴን ጨዋታ የማይ ነበር የሚመስለኝ።

ቁጥሩን እንይ። ሁለቱ 40 ጊዜ ተጋጥመዋል። ናዳል 24፣ ፌዴረር 16 አሸንፈዋል። አፈር ሜዳ ላይ ብቻ ናዳል 14 ለ2 ይመራል። አፈሩን ብታወጣው ፌዴረር 14 ለ10 ይመራል። ስለዚህ «ናዳል ፌዴረርን በልጦታል» ብሎ መዝጋት ልክ አይደለም። አፈሩ ላይ ምን ይፈጠር ነበር ብሎ መጠየቅ ነው የሚሻለው።

ሁለት ሰዎች በቀኝ እጃቸው ሲጫወቱ ሰያፍ የምትሄደው ኳስ ከፎርሃንድ (ራኬት በያዝክበት እጅ ወገን ከሚመታው ምት) ወደ ፎርሃንድ ነው። አንዱ ግራኝ ሲሆን ይሄ ይቀየራል። ናዳል ፎርሃንዱን በሰያፍ ሲመታ ኳሷ የምታርፈው የፌዴረር ባክሃንድ ላይ ነው። ሰያፍ ምት ደግሞ ከሁሉም ምት ይልቅ አስተማማኝ ነው። መረቡ መሀሉ ላይ 91 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ ምሰሶው ጋ ግን 1 ሜትር ከ7 ሳንቲሜትር ይደርሳል። የሜዳው ርዝመት በቀጥታ 23.77 ሜትር ነው፣ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ስትለካው ግን ከ25 ሜትር ያልፋል። ናዳል እንግዲህ ዝቅ ባለው መረብ ላይ፣ ረጅሙን ሜዳ ይዞ፣ ሳይጨነቅ ይመታል። ፌዴረር ከዚያ ወጥመድ ለመውጣት መስመሩን ይዞ በቀጥታ መምታት ነበረበት። እዚያ ጋ ደግሞ መረቡ ከፍ ይላል፣ ሜዳውም ያጥራል። አንዱ ቀላሉን ምት እየመታ ሌላውን ከባዱን ያስመታዋል። አምስት ሰዓት በሚፈጅ ጨዋታ ይሄ ልዩነት ተጠራቅሞ ትልቅ ይሆናል።

በዚህ ላይ ሽክርክሪቱ አለ። የናዳል ቶፕስፒን፣ ኳሷን ወደ ፊት የሚያሽከረክረው ምት፣ ሲለካ በደቂቃ ከ3,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። አፈር ሜዳ እንዲህ ዓይነቷን ኳስ ያጓናታል። ወደ ፌዴረር የምትደርሰው ትከሻው አካባቢ ላይ ነው። እንደ ፌዴረር ባክሃንድ በአንድ እጅ የሚመታ ሰው ይሄን በሰውነቱ ያውቀዋል። ኳሷ ወገብና ደረት መሀል ስትሆን ምቱ ደስ ይላል፣ ክንድህ ይዘረጋል፣ ክብደትህ አብሮ ይሄዳል። ትከሻ ላይ ስትደርስ ግን የሚያግዝህ ሁለተኛ እጅ የለም። የሚቀርህ ወይ በስላይስ (ኳሷን ከሥር እየቆረጡ በመምታት) መመለስ ወይ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ነው። ስላይሱ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ናዳልም ተመቻችቶ በፎርሃንዱ ይጠብቀዋል። ወደ ኋላ ካፈገፈግክ ደግሞ ሜዳውን ለቀህለታል። ናዳል በተፈጥሮው የሚጽፈው በቀኝ እጁ ነው። ልጅ ሆኖ ፎርሃንዱንም ባክሃንዱንም በሁለት እጅ ይመታ ነበር፣ በኋላ ነው ወደ ግራ የሄደው። ያ ውሳኔ ባይኖር የቴኒስ ታሪክ ምን ይመስል ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ሰዎች ብዙም የማያነሱት አንድ ነገር አለ፤ ለኔ ግን ዋነኛው እሱ ነው። ተጋጣሚህ ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምረውን ምት) የሚመታበትን ጌም ለመንጠቅ የሚያበቃህ ነጥብ፣ ብሬክ ፖይንት የምንለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው ከየትኛው ወገን ነው? 30 ለ40 ላይ ወይም ከዲዩስ (40 እኩል) በኋላ ተቀባዩ አንድ ነጥብ ሲመራ፣ ሰርቭ የሚመታው ወደ ተቀባዩ ግራ ሳጥን ነው። ግራኝ ከዚያ ቦታ በስላይስ ሲመታ ኳሷ እየታጠፈች ከሜዳው ትወጣለች፣ በቀኙ የሚጫወተውን ሰው ባክሃንዱን አስዘርግታ ትጎትተዋለች። ማለት ግራኙ በጣም የሚመቸው ሰርቭ የሚመጣለት በጣም በሚጨንቀው ነጥብ ላይ ነው። አፈር ሜዳ ላይ በሚካሄደው የፈረንሳይ ኦፕን፣ በ2007 የሮላንድ ጋሮስ ፍጻሜ፣ ፌዴረር 17 እንዲህ ያሉ ዕድሎች አግኝቶ የተጠቀመው በአንዱ ብቻ ነው። በ2008 የዊምብልደን ፍጻሜ ደግሞ ከ13ቱ አንዱን። ብዙ ሰው ያኔ «ፌዴረር ልቡ ይፈራል» ሲል ሰማሁ፣ በጣም አናዶኝ ነበር። ፍርሃት አልነበረም ብዬ አልከራከርም። ግን ያ ሰርቭ በየእሁዱ ለሚመጣበት ሰው ነገሩ ከልብ በፊት የአቅጣጫ ጉዳይ እንደሆነ ግልጽ ነው።

በ2008 ሮላንድ ጋሮስ ፍጻሜ ናዳል 6ለ1፣ 6ለ3፣ 6ለ0 አሸነፈ። ያን ጨዋታ ደግሜ ማየት አልፈልግም። ከአንድ ወር በኋላ ዊምብልደን ላይ ሳሩ ለፌዴረር ያደላ ነበር፣ ኳሷ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ። እንዲያም ሆኖ ከ4 ሰዓት ከ48 ደቂቃ በኋላ በአምስተኛውና በመጨረሻው የጨዋታው ዙር 9ለ7 ናዳል ወሰደው።

ፌዴረር ናዳልን አፈር ላይ ያሸነፈው ሁለቴ ነው። አንዱ በ2007 ሃምቡርግ ነው፣ ናዳል አፈር ላይ 81 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ በነበረበት ጊዜ። ሌላው በ2009 ማድሪድ። ማድሪድ ከባሕር ወለል ከ600 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ኳስ ፈጥና ትሄዳለች፣ ሽክርክሪቱም እንደሌላው ቦታ አይታዘዝም። ይሄ ለአጥቂ ተጫዋች ይመቻል። እርግጥ ናዳል ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ከሌላው ኮከብ ከጆኮቪች ጋር ከአራት ሰዓት በላይ ተጫውቶ ነበር፣ ድካሙም መቆጠር አለበት። ይሄን ያነሳሁት ለኛ ስለሚጠቅመን ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በቴኒስ ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተለየ ኳስ አለ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንጫወተው በተገኘው ኳስ ነው። እሷ ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ በጣም ትነጥራለች። ግራኝ ጓደኛህ ቶፕስፒን ካለው ኳሷ ትከሻህን አልፋ ጆሮህ ጋ ብትደርስ አትገረም።

አሁን ወደ 2017። የአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ የተካሄደው በኛ የአስተርዮ ማርያም ዕለት ነበር። ዘመድ ቤት ዝክር ተጠርቼ ዘግይቼ ነው የደረስኩት፣ ከቴሌቪዥኑ መነሳት አቅቶኝ። ፌዴረር 35 ዓመቱ ነው። በጉልበቱ ጉዳት ስድስት ወር ከውድድር ርቋል። ግራንድ ስላም (ከአራቱ ትልልቅ ውድድሮች አንዱን) ካነሳ ከ2012 ወዲህ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ናዳልን በግራንድ ስላም ያሸነፈው ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ በ2007 ነው። አምስተኛው ዙር ላይ ናዳል 3ለ1 ሲመራ «በቃ፣ ያው ነው» አልኩ። ከዚያ በኋላ ፌዴረር አምስት ጌም በተከታታይ አሸነፈ፣ 6ለ3።

ምን ለወጠ? ብዙ ሰው ራኬቱን ያነሳል። እውነት ነው፣ ለዓመታት ከያዘው ባለ 90 ካሬ ኢንች ራኬት ወደ 97 ተሸጋግሯል። ግን ራኬቱን የቀየረው በ2014 ነው። ለኔ ትልቁ ለውጥ የቆመበት ቦታ ነው። ከኋላው መስመር አልራቀም። ኳሷ ከመሬት ገና ስትነሳ፣ ትከሻው ላይ ሳትደርስ መታት። ስላይሱን ቀንሶ ባክሃንዱን ጠፍጣፋ አድርጎ ለቀቀው። ትልቁ ራኬት ለዚህ ረዳው፣ ምክንያቱም ቀድመህ ስትመታ ኳሷን መሀል ላይ ማግኘት ከባድ ነው። የናዳል ሽክርክሪት የተሠራው ኳሷ ከፍ እንድትል ነው። ከፍ ለማለት ጊዜ ካልሰጠሃት ያ ሁሉ ሽክርክሪት ያን ያህል አይጎዳህም። 4ለ3 ላይ 26 ጊዜ የተመላለሰች አንዲት ነጥብ አለች፣ ፈልገህ እያት። የድሮው ፌዴረር ያቺን ነጥብ ወደ ኋላ እየተገፋ ይሸነፋት ነበር። በዚያው ዓመት ኢንዲያን ዌልስ፣ ማያሚና ሻንጋይ ላይም አሸነፈው። በ2017 አፈር ላይ ጨርሶ አልተጫወተም፣ ይሄንንም አትርሳ። በ2019 ሮላንድ ጋሮስ ሲገናኙ ናዳል በሦስት ዙር አሰናበተው። አፈሩ ላይ መልሱ ሙሉ አልነበረም።

ጆኮቪች ለምን እንደ ፌዴረር አልተቸገረም ብትል፣ ባክሃንዱ በሁለት እጅ ነው። ትከሻ ላይ የመጣችውን ኳስ ሁለተኛው እጁ ይገፋታል፣ መስመሩንም ይዞ በቀጥታ ይልካታል። በ2011 ናዳልን በስድስት ፍጻሜዎች አሸነፈው፣ ሁለቱ ማድሪድና ሮም አፈር ላይ ናቸው። በጠቅላላው 31 ለ29 ጆኮቪች ይመራል። እሱም ቢሆን ሮላንድ ጋሮስ ላይ ናዳልን ያሸነፈው ሁለቴ ብቻ ነው፣ በ2015 እና በ2021። ናዳል እዚያ ሜዳ ላይ 112 አሸንፎ 4 ጊዜ ብቻ ነው የተሸነፈው።

የዛሬዎቹ ኮከቦች አልካራዝና ሲነር ሌላ ዓይነት ናቸው። ሁለቱም በቀኝ ይጫወታሉ፣ ሁለቱም ባክሃንዳቸው በሁለት እጅ ነው። እንደዚያ የታወቀ አንድ ክፍተት የለም። አልካራዝ የሚያሸንፈው ምቱን በመለዋወጥ ነው። በ2025 የኒውዮርኩ ዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ በአልካራዝ ከተሸነፈ በኋላ ሲነር ራሱ ጨዋታው በቀላሉ የሚገመት እንደነበር ተናግሯል።

ወደ አንተ ልመለስ። እኔ ከዚያ የአስተርዮ ጨዋታ በኋላ ሜዳ ገብቼ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቆምኩ። መጀመሪያ ባሰብኝ። ኳሷ የራኬቴን ጠርዝ እየመታች ትወጣ ነበር። ጓደኛዬም «ተመለስ ወደ ቦታህ» ይለኝ ነበር። እኔ ግን የራኬቱን ዝግጅት አሳጠርኩ። እጄን ወደ ኋላ ብዙ መጎተት ተውኩ። ወራት ፈጀብኝ። ከዚያ አንድ እሁድ 7ለ5፣ 6ለ4 አሸነፍኩት። ቤት እስክገባ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም፣ ሚስቴ ግን ፊቴን አይታ አወቀች።

አንተም ሦስት ነገር ሞክር። ሰርቩን ከግራህ ሳጥን ስትቀበል ከለመድከው ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ በል፣ መሀሉን ይምታ፣ ፎርሃንድህ አለልህ። ሰርቭህን ከቀኝ ወገን ስትመታ ስላይስ አድርገህ ወደ ውጭ አውጣው፣ ለግራኝ ባክሃንዱ ላይ ነው የምትሄደው። ሦስተኛ፣ ያንተም ሰያፍ ፎርሃንድ የሚሄደው ወደ እሱ ባክሃንድ መሆኑን አስታውስ። እሱ ያንተን ባክሃንድ እየፈለገ ሲመጣ አንተ ተሯሩጠህ በፎርሃንድህ ለማግኘት ትሞክራለህ፣ ያኔ ቀኝህ ባዶ ይሆናል። እዚያው ቆመህ ቀድመህ ምታት።

የሚቀጥለው እሁድ ከደረትህ በላይ የመታሃቸውን ባክሃንዶች ሰው ያስቆጥርልህ። ቁጥሩን እዚህ ጻፍልኝ፣ የጓደኛህ ባክሃንድ በአንድ እጅ ይሁን በሁለት እሱንም ንገረኝ። ከዚያ ስለ እሱ ባክሃንድ እናወራለን።