ልዩነቱን በደንበኛው ስም አትጥሩት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የደሞዝ ሶፍትዌር ሠርታችሁ ለስድስት ድርጅቶች ሸጣችኋል። ለእያንዳንዱ ኮዱን ኮፒ አድርጋችሁ፣ እንደ ፍላጎቱ ቀያይራችሁ ነው የሰጣችሁት። አሁን ሰባተኛ ደንበኛ መጥቷል። «እንደገና ኮፒ እናድርግ ወይስ ሁሉንም ወደ አንድ እናምጣ?» ነው ያልከው። እኛም በዚሁ መንገድ ነው የመጣነው። የኛ ኮፒ ዘጠኝ ደርሶ ነበር። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ወደ አንድ አምጡት። ግን ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት ለልዩነቶቹ ስም አውጡላቸው። እኛን ብዙ ወር ያስከፈለን ይህን ሳናደርግ መጀመራችን ነው።

ኮፒ ማድረጋችሁ አያሳፍርም። ሁለተኛው ደንበኛ ሲመጣ ሦስተኛ ይኑር አይኑር ማንም አያውቅም። የኮፒው ዕዳ የሚታየው ሕግ ሲቀየር ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደሞዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ አይደል? ሥራው የግብር ሠንጠረዥ መቀየር ብቻ ነው። እኛ ግን ዘጠኝ ቦታ ነበር የምንቀይረው። አንዱ ደንበኛ ሁለት ፎልደር ነበረው፤ አንዱ «ፋይናል»፣ ሌላው «ፋይናል 2» ይላል። ደንበኛው የሚሠራበት በሁለተኛው ነው። እኛ ያስተካከልነው የመጀመሪያውን።

ደሞዝ በወጣ ማግስት የድርጅቱ ሂሳብ ሠራተኛ ደወለች። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ፔይስሊፑን (የደሞዝ መግለጫ ወረቀቱን) ይዞ ጠረጴዛዋ ፊት ቆሟል። ደሞዙ 1,900 ብር ነው። ከሥሩ «የሥራ ግብር 142.50» ይላል። በአዲሱ ሕግ ዜሮ መሆን ነበረበት። ለዚያ ሰው 142 ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም። እሷም ምን ብላ እንደምትመልስለት ጨንቋታል። ያን ዕለት ማታ ነው ኮፒ ይብቃን ያልነው።

ከዚያ ግን ሌላ ስህተት ሠራን። ዘጠኙን ኮድ አንድ ላይ ጨፍልቀን በየቦታው «ደንበኛው እገሌ ከሆነ እንዲህ አድርግ» ብለን ጻፍን። ከውጭ ሲታይ አንድ ሶፍትዌር ነው። ውስጡ ግን ያው ዘጠኝ ነው።

የጳጉሜን ነገር ልንገርህ። ለወር ደሞዝተኛ ጳጉሜ የራሷ ክፍያ የላትም፤ ዓመቱ በ12 ደሞዝ ያልቃል። ቀን ሠራተኛ ግን በጳጉሜ ከሠራ ቀኑ ይቆጠርለታል። በኮዳችን «ደንበኛው የአበባ እርሻው ከሆነ ጳጉሜን ቁጠር» የሚል መስመር ነበር። የግንባታ ድርጅት ሲመጣ «ወይም የግንባታው ከሆነ» ተጨመረ። ቀጥሎ አንድ ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኞቹን በቀን መክፈል ጀመረ። ይህን ለኛ መንገር አልመጣለትም፤ ለምን ይመጣለታል? ጳጉሜ ስትደርስ ሶፍትዌሩ ቀኖቹን ዘለላቸው። ኮዱ ደንበኛው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ሠራተኛው እንዴት እንደሚከፈለው ግን አያውቅም።

መፍትሔው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «የዚህ ሰው ክፍያ በወር ነው በቀን?» ልብ በል፣ ልዩነቱ የድርጅቱ እንኳን አልነበረም። የሠራተኛው ነው። ስሙን ስናገኝለት እነዚያ የደንበኛ ስም ያለባቸው መስመሮች ጠፉ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ደንበኛም በዚህ ጉዳይ አንድ መስመር ኮድ አላስጻፈንም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የሶፍትዌር ምሁሩ ዴቪድ ፓርናስ በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ ፕሮግራም ቤተሰቦች ሲጽፍ፣ እያንዳንዱን ፕሮግራም ለየብቻ ከማየት በፊት የጋራ ባሕርያቸውን ማጥናት የሚያዋጣ ከሆነ ቤተሰብ ናቸው ብሏል። በ1990 ደግሞ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ካለው የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ኢንስቲትዩት «ፎዳ» የሚባል ዘዴ ወጣ። ፊቸሮችን፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የሚሠራቸውን ነገሮች፣ እንደ ዛፍ ትስላለህ። የትኛው ለሁሉም ግዴታ ነው፣ የትኛው ቢኖርም ባይኖርም ይሆናል፣ ከየትኞቹ አንዱ ብቻ ይመረጣል? ለናንተ ስድስት ደንበኛ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ኤክሴል ይበቃል። በረድፍ ልዩነቶቹን፣ በዓምድ ደንበኞቹን ጻፉ። ከዚያ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ «ለምን ተለየ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ስንጠይቅ ከግማሽ የሚበልጠው ልዩነት ሳይሆን፣ ያው ነገር በሁለት ዴቨሎፐር ሁለት ጊዜ የተጻፈ ሆኖ ተገኘ።

የቀረውን ሁሉ በአንድ ዘዴ አትያዙት። ከሕግ የሚመጣ ቁጥር ኮድ ውስጥ መግባት የለበትም። የግብር ሠንጠረዡ፣ የጡረታው 7 እና 11 በመቶ፣ የትርፍ ሰዓቱ 1.5፣ 1.75፣ 2 እና 2.5 ዴታቤዝ ውስጥ ይቀመጡ፤ እያንዳንዱም «ከዚህ ቀን ጀምሮ» የሚል ቀን ይኑረው። አሮጌውን በአዲሱ ላይ አትጻፉበት። በመስከረም የሰኔን ውዝፍ ደሞዝ ስትሠሩ የሰኔው ሠንጠረዥ ያስፈልጋችኋል። በዚህ ነጥብ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ጡረታና ፕሮቪደንት ፈንድ (ለሠራተኛው የሚጠራቀም የቁጠባ ገንዘብ) ግን በቁጥር ብቻ አይለያዩም። አሠራራቸውም ሪፖርታቸውም ሌላ ነው። ስለዚህ ሁለት ሞጁል፣ ማለትም ራሳቸውን የቻሉ ሁለት የኮድ ክፍሎች፣ ይሁኑ፤ ለአንድ ሠራተኛም አንዱ ብቻ ይመረጥ። ፕሮቪደንት ፈንድ የተመረጠለት ሰው የጡረታ ሪፖርት ላይ ስሙ እንዳይወጣ ሶፍትዌሩ ራሱ ይከልክል። እንዲህ ያለውን ደንብ በዴቨሎፐሩ ጭንቅላት ብቻ አታስቀምጡት፤ ሰውዬው ሥራ ሲለቅ አብሮት ይሄዳል። ሎጎ፣ የፔይስሊፕ መልክ፣ ቋንቋ የመሳሰለው ኮንፊግ ፋይል (ኮዱ ሳይነካ የሚቀየር የምርጫዎች ፋይል) ውስጥ ይግባ። እዚያ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

አንድ የምፈራላችሁ ነገር አለ። ኮንፊግ ጣፋጭ ነው፤ ለደንበኛ «አይሆንም» ከማለት አንድን ሥራ የሚያበራና የሚያጠፋ ምርጫ፣ ማለትም ማብሪያ ማጥፊያ፣ መጨመር ይቀላል። አሥር ማብሪያ ማጥፊያ ግን 1,024 ዓይነት ሶፍትዌር ነው፤ ሁሉንም ቴስት ማድረግ አትችሉም። ናይት ካፒታል የተባለውን አክሲዮን የሚያገበያይ የአሜሪካ ድርጅት ተመልከት። ነሐሴ 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ለአዲስ ሥራ የተጠቀሙበት ማብሪያ ድሮ ለሌላ ኮድ ያገለግል የነበረ ነው። አሮጌው ኮድ አልተሰረዘም ነበር። ከስምንት ሰርቨሮች አንዱ ላይ ደግሞ አዲሱ ኮድ አልተጫነም። ማብሪያው ሲበራ እዚያ ሰርቨር ላይ የነቃው አሮጌው ኮድ ነው። በ45 ደቂቃ ገደማ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ። እኛ ከዚህ ተምረን ለእያንዳንዱ ማብሪያ የሚጠቀምበትን ደንበኛና የተጨመረበትን ምክንያት እንጽፋለን። የሚጠቀምበት ከሌለ ከነኮዱ ይሰረዛል።

አለቆቻችሁንም አሳምኑ። ሻጩ «ይህን እንጨምርላችኋለን» ብሎ ከመፈረሙ በፊት የልዩነቶቹን ሠንጠረዥ ይይ። በሠንጠረዡ ያለ ከሆነ ዋጋው ቀላል ነው። አዲስ ረድፍ ከሆነ ደንበኛው ይክፈልበት፤ ለዘላለም ትንከባከቡታላችሁና።

ሥራ አቁማችሁ ሁሉንም እንደገና ለመጻፍ እንዳትሞክሩ። ሰባተኛውን ደንበኛ በአዲሱ መሠረት ላይ ጀምሩት። ከዚያ ከስድስቱ ትንሹን ድርጅት ውሰዱ። ሁለት ወር ደሞዙን በአሮጌውም በአዲሱም ሥሩና ፔይስሊፖቹን በሳንቲም ደረጃ አስተያዩ። እኛ ስናደርገው የ3 ሳንቲም ልዩነት ወጣ። ማጠጋጋቱ አንደኛው ላይ ከጡረታ በፊት፣ ሌላው ላይ በኋላ ነበር። ትንሽ ቢመስልም ረድፍ ሆኖ ሠንጠረዡ ውስጥ ገባ። አንዱ ልክ ሲሆንላችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ፤ አሮጌውንም ፎልደር ያኔውኑ ዝጉት።

የሠንጠረዡን የመጀመሪያ ረቂቅ ስትጨርሱ የደንበኞቹን ስም አጥፍታችሁ እዚሁ ለጥፉት። ረድፍ በረድፍ አብሬያችሁ አየዋለሁ።