ለሊኑክስ ሥራ የትኛውን ፕሮሰሰር ልዘዝ?

ዘንድሮ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የተመረቀች የባሕር ዳር ልጅ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «የሊኑክስ ሲስተም አድሚን መሆን እፈልጋለሁ። ላፕቶፔ ያለው ራም 4 ጊጋ ብቻ ነው፤ አንድ ቨርቹዋል ማሽን ስከፍት ይደርቃል። አጎቴ በሚቀጥለው ወር ከዱባይ ሲመጣ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። ጓደኞቼ ከተቻለ ራይዘን 7፣ ካልሆነ በርካሽ የሚገኘውን ራይዘን 5 5600 እዘዢ ይሉኛል። የትኛው ይሻለኛል?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ለምረቃሽ እንኳን ደስ አለሽ።

ከዕቃው በፊት ሥራውን እንይ። ሲስተም አድሚን ቀኑን የሚያሳልፈው ሰርቨር ሲተክል፣ ሲጠብቅና የተበላሸውን ሲያነሳ ነው። ይህን ቤትሽ ሆነሽ ለመለማመድ ሦስት አራት ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠሩ፣ አንድ ላይ ማስነሳት አለብሽ። አንዱ ዌብ ሰርቨር ይሆናል፣ አንዱ ዳታቤዝ፣ አንዱ ደግሞ ባክአፕ የሚቀመጥበት። እንዲህ ስትሠሪ ቀድሞ የሚያልቅብሽ ራም ነው። ፕሮሰሰሩ ገና ብዙ ይቀረዋል። ስለዚህ ራይዘን 7ን ተይው፤ በሚተርፈው ብር ራምና ኤስኤስዲ ግዢበት።

5600 ላይ ግን ቆም በይ። ጎበዝ ፕሮሰሰር ነው፤ ችግሩ ውስጡ ግራፊክስ የለውም። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ካልገዛሽለት ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ከማማክራቸው ልጆች አንዱ ላይ ይኸው ደርሷል። ዕቃው ከውጭ የመጣ ስለሆነ መመለስ አልቻለም፤ ካርድ መግዣ እስኪያጠራቅም ወራት አለፉ። በጣም አሳዝኖኝ ነበር። ያ ጊዜ የመለማመጃ ጊዜው ነበርና።

አንቺ የምትፈልጊው 5600ጂ ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለችው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ጂ፣ ግራፊክሱ አብሮ እንዳለ ትነግርሻለች። በ2021 የወጣ ነው፤ 6 ኮር (የሥራ ክፍል) እና 12 ትሬድ (በአንዴ የሚሄድ የሥራ መስመር) አለው። ለአንቺ ሥራ በቂ ነው። እሱ ከጠፋ የኢንቴል ኮር አይ3-12100 አለ፤ 4 ኮርና 8 ትሬድ። እዚያ ደግሞ ተጠንቀቂ፣ ከቁጥሩ በኋላ ኤፍ ካለበት ግራፊክስ የለውም ማለት ነው። የሁለቱም ግራፊክስ ድራይቨር ከሊኑክስ ከርነል (ከሲስተሙ እምብርት) ጋር አብሮ ስለሚመጣ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ከጫንሽ በኋላ ድራይቨር ፍለጋ አትሄጂም። ዕድሜያቸው ትንሽ ገፋ ማለቱም ለሊኑክስ ጥሩ ነው። ገና ትናንት የወጣ ዕቃ አዲስ ከርነል ሊጠይቅ ይችላል።

ወደ ማዘርቦርዱ እንምጣ። ብዙ ሰው ፕሮሰሰሩን አጥብቆ ይመርጥና ቦርዱን ባለሱቁ የሰጠውን ይወስዳል። ለ5600ጂ ሶኬቱ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ፣ ኤኤም4 የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት። ቺፕሴቱ (የቦርዱን ክፍሎች የሚያገናኘው ቺፕ) ቢ550 ቢሆን እመርጣለሁ። ቢ450 ይረክሳል፤ ግን ሱቅ ውስጥ ከቆየና ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) አሮጌ ከሆነ ፕሮሰሰሩን ላያውቀው ይችላል። ያኔ ባዮሱን ለማደስ ሌላ የቆየ ፕሮሰሰር መዋስ ሊኖርብሽ ነው። አንዳንድ ቦርዶች ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ባዮስ የሚያድስ ቁልፍ አላቸው፤ ካገኘ እንዲህ ያለውን ይያዝልሽ።

የራም ቦታው አራት ይሁን። አሁን ባለ 8 ጊጋ ሁለት ራም ገዝተሽ 16 ታደርጊያለሽ፤ ደሞዝ ስትጀምሪ ሁለት ጨምረሽ 32 ይሆናል። አንድ ባለ 16 ከመሰካት ሁለት ባለ 8 ይሻላል፣ ምክንያቱም ግራፊክሱ የሚሠራው በዚሁ ራም ነው፤ ሁለት ሲሆኑ ይፈጥናል። ራሙ ዲዲአር4 የሚባለው ትውልድ መሆኑን ሳታረጋግጪ እንዳትገዢ። በኢንቴሉ ከሄድሽ ቦርዱ በዲዲአር4ም በዲዲአር5ም ይመጣል፤ አንዱ ሌላው ላይ አይገባም።

ዋይፋይ ያለው ቦርድ ግድ አይደለም። አንዳንድ የዋይፋይ ቺፖች ሊኑክስ ላይ ያስቸግራሉ። ስልክሽን በዩኤስቢ ገመድ ሰክተሽ ዳታ ብታጋሪ ኡቡንቱ ወዲያው ይቀበለዋል።

ዕቃው ሲመጣ ሌላ ሰው አይገጥምልሽ። ራስሽ ግጠሚው። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ግቢና፣ በራይዘኑ ከሆነ፣ ለቨርቹዋል ማሽን የሚያስፈልገውን ኤስቪኤም የሚለውን ምርጫ አብሪ። እሱ ካልበራ ቨርቹዋል ማሽኖቹ በኬቪኤም (ሊኑክስ ውስጥ ባለው ቨርቹዋል ማሽን ማስነሻ) አይነሱም፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ያጋጠመሽን ሁሉ በማስታወሻ ያዢ፦ ምን ተበላሸ፣ ምን ሞከርሽ፣ በምን ተስተካከለ። ቃለ መጠይቅ ላይ «የፈታሽውን አንድ ችግር ንገሪን» ሲሉሽ የምታወሪው ይህንኑ ነው። የሥራ ልምድ ለሌለው ተመራቂ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። አርኤችሲኤስኤ የሚባለውን የሬድ ሃት ፈተና ካሰብሽም ማሽን ላይ እየሠራሽ የምትፈተኚው እንጂ ምርጫ የምታከብቢበት አይደለም። ለልምምድ ከሬድ ሃት ሊኑክስ ጋር የሚመሳሰሉትን አልማሊኑክስን ወይም ሮኪ ሊኑክስን በነፃ መጫን ትችያለሽ።

አሁን ለአጎትሽ መልእክት ላኪለት። ከመክፈሉ በፊት የፕሮሰሰሩንና የማዘርቦርዱን ሳጥን ፎቶ ይላክልሽ፤ ጂዋን በዓይንሽ እያት። ፕሮሰሰሩ ከነሳጥኑ ይሁን፣ ማቀዝቀዣ ፋኑ አብሮ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው። እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ያ ላፕቶፕሽ አይቀመጥ። ዴስክቶፕ የሌለውን የኡቡንቱ ሰርቨር ጫኚበት፤ ለእሱ 4 ጊጋው ይበቃል። በትእዛዝ ብቻ መሥራትን ዛሬ ማታ መጀመር ትችያለሽ።