ኪው ስትወጣባችሁ፦ ከልጆቻችሁ ጋር ስክራብል ለምትጫወቱ ወላጆች

ስክራብል ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች ከከረጢት እያወጡ ገበታ ላይ የእንግሊዝኛ ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ ነው። ብዙ ወላጆች ገበታው ገና ሲዘረጋ «እንግሊዝኛው የልጆቹ ነው» ብለው እጅ ይሰጣሉ። ልክ አይደሉም። በዚህ ጨዋታ ነጥብ የሚያስገኙት ረጃጅም ቃላት ብቻ አይደሉም፤ ሁለት፣ ሦስትና አራት ፊደል ያላቸው አጫጭር ቃላት ዋና ሥራውን ይሠራሉ። ከእነሱም ውስጥ ልጆቹን የሚያስጨንቁት፣ ኪው (Q) ያለባቸው፣ አማርኛ ለሚናገር ሰው በጣም የቀረቡ ናቸው። የላቲን ፊደላቱን በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ አስፍሯቸው።

ኪው የምታስቸግረው በሁለት ምክንያት ነው። ከ100ዎቹ ጠጠሮች አንዷ ብቻ ኪው ናት፣ ዋጋዋ 10 ነጥብ ነው። ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤት የሚነገራቸው ኪው ሁልጊዜ ዩን ታስከትላለች ተብሎ ነው፤ ዩ ግን ከረጢቱ ውስጥ 4 ብቻ ናት። ስለዚህ ኪውን ይዘው ዩ እስክትመጣ ይጠብቃሉ፣ እጃቸው ላይ ካሉት ሰባት ፊደላት በስድስቱ ብቻ ሲጫወቱም ይቆያሉ። ጨዋታው አልቆ ኪው እጃቸው ላይ ከቀረች 10 ነጥብ ይቀነስባቸዋል፣ ያው 10 ቀድሞ ለጨረሰው ይደመርለታል። የ20 ነጥብ ልዩነት በአንድ ጠጠር መጣ ማለት ነው።

ዩን የማታስከትል ኪው ብዙውን ጊዜ ከዐረብኛ ወይም ከዕብራይስጥ የመጣች ናት፤ ቆማ የምትገኘውም በእኛ «ቀ» ቦታ ነው። ኤስ-ዩ-ኪው ብላችሁ ስትጽፉ ሱቅ ነው፣ የዐረብ አገር ገበያ። ኪው-ኤ-ዲ-አይ ቃዲ ነው፣ በሸሪዓ የሚፈርድ ዳኛ። ኤን-አይ-ኪው-ኤ-ቢ ኒቃብ፣ ቲ-ኤ-ኤል-ኤ-ኪው ደግሞ በእስልምና ሕግ የሚፈጸም ፍቺ ነው፤ ዐረብ አገር የኖረ ሰው ሁለቱንም አይስታቸውም። ኪው-ኦ-ፒ-ኤች የዕብራይስጡ ፊደል ቆፍ ነው፣ የእኛው የ«ቀ» ወንድም። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ በየቀኑ የምትመነዝሩትን ሼቀል ኤስ-ኤች-ኢ-ኪው-ኢ-ኤል ብላችሁ መደርደር ትችላላችሁ። ከኪው-ኤ-ቲ የሚቀርበን ግን የለም፤ ጫት ነው። ኬ-ኤ-ቲ እና ኬ-ኤች-ኤ-ቲ ተብሎም ይጻፋል፣ ሦስቱም ይፈቀዳሉ።

ሁለት ፊደል ብቻ ያለው የኪው ቃል ኪው-አይ ነው። በቻይናውያን እምነት በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር የሕይወት ኃይል ማለት ነው፣ «ቺ» ተብሎ ይነበባል። አሜሪካኖች ወደሚፈቀዱ ቃላት ዝርዝራቸው ያስገቡት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ዚ-ኤ፣ የፒዛ አጭር ስሙ፣ አብሮት ገባ። ኪውን የፊደሉን ዋጋ በሦስት የሚያበዛ ቤት ላይ አድርጋችሁ ወደ ጎንም ወደ ታችም ኪው-አይ ከሠራችሁ 31 እና 31፣ በድምሩ 62 ነጥብ ነው። ይህን ቦታ ሁልጊዜ ፈልጉ።

ቃሉን ማወቅ ግማሹ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ ቦታ ማግኘት ነው። ኪው ስትደርሳችሁ ገበታው ላይ አስቀድሞ የተጻፉትን አጫጭር ቃላት ቃኙ። ኤ-ቲ የሚለው የትም አይጠፋም፤ ከፊቱ ባዶ ቤት ካለ ኪውን ብቻ አስቀምጡና ጫት ሆነ፣ 12 ነጥብ። ኤ-አይ-ዲ፣ እርዳታ ማለት ነው፣ ከፊቱ ኪው ሲጨመርበት የሙስሊም መሪ የሚባልበት ቃል ይሆናል፣ 14 ነጥብ። ለሱቅ ብላችሁ ግን በእጃችሁ ያለችውን ኤስ አትቸኩሉባት፤ እሷም 4 ብቻ ናት፣ የሰው ቃል መጨረሻ ላይ ተለጥፋ የምታመጣው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

የራሳችን ቃላትም አሉ። ቲ-ኢ-ኤፍ-ኤፍ ጤፍ ነው፣ 10 ነጥብ፤ ከረጢቱ ውስጥ ያሉትን ሁለቱንም ኤፍ ይጠቀማል። አር-ኤ-ኤስ ራስ፣ የማዕረጉ ስም፤ ኤ-ኤስ ገበታው ላይ ካለ ከፊቱ አር ጨምሩ። ኤን-ኢ-ጂ-ዩ-ኤስ ንጉሥ ነው፣ ይኸው አጻጻፍ በእንግሊዝኛ የትኩስ ወይን መጠጥ ስምም ነው። ቢ-አይ-አር-አር ብር ነው፤ የሚያስደስተው ብዙ ቁጥሩ ነው፦ ቢ-አይ-አር-አር-ኦ-ቲ-ሲ-ኤች፣ ልክ እንደ አማርኛው «ብሮች»። ስምንት ፊደል ነው፤ አንዱን ከገበታው ወስዳችሁ ሰባቱን ከእጃችሁ ካወረዳችሁ 50 ነጥብ ጉርሻ አለው። ይህን ቃል ልጆቻችሁ ከእናንተ ይስሙት።

የእኛ የሚመስሉ ግን ያልሆኑም ስላሉ ትርጉማቸውን ሳታውቁ አትከራከሩ። ቢ-ዩ-ኤን-ኤ ይፈቀዳል፣ ግን ቡና አይደለም፤ በፋብሪካ የሚሠራ ጎማ ነው። ኬ-ኦ-ኤል-ኦ ቆሎ ሳይሆን የባልካን ሕዝቦች ክብ ሠርተው የሚጨፍሩት ጭፈራ ነው። ቲ-ኤ-ኤል-ኤ የሳሞአ ገንዘብ ነው፤ ደብሊው-ኤ-ቲ ደግሞ የታይላንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ። ነጥቡን ውሰዱ፣ ትርጉሙን ግን ለልጁ አስተካክላችሁ ንገሩት።

አናባቢ ሲያልቅባችሁ አትደንግጡ። በፊደላችን እያንዳንዱ ሆሄ አናባቢውን ይዞ ስለሚመጣ፣ ያለ አናባቢ ቃል ይኖራል ብሎ ማሰብ ይከብደናል። ኤስ-ኤች (ዝም በል)፣ ኤች-ኤም (የማሰብ ድምፅ)፣ ቢ-አር-አር (ሲበርድ የሚወጣ ድምፅ) ሁሉም ይቆጠራሉ። በሌላ በኩል ቪ ያለበት ባለ ሁለት ፊደል ቃል አንድም የለም፤ ቪን ይዛችሁ አጭር ነገር አትፈልጉ።

ከመጀመራችሁ በፊት የምትዳኙበትን መዝገበ ቃላት ተስማሙ። አሜሪካና ካናዳ የሚሠራበትና እንግሊዝ አገር የሚሠራበት ኮሊንስ ይለያያሉ፤ የአሜሪካው እ.ኤ.አ. በ2018 ባለ ሁለት ፊደል ቃላቱን 107 አድርሷል፣ የኮሊንሱ ከዚያ ይበዛል። እዚህ የዘረዘርኳቸው በሁለቱም ያስኬዳሉ። የስልካችሁ የፊደል አራሚ ዳኛ አይሁን፤ ብዙዎቹን ስህተት ነው ይላል።

ለማጥናት 107ቱን በአንዴ አትያዙ። በኪው፣ በዚ፣ በጄይና በኤክስ የሚጻፉትን አጫጭሮቹን መጀመሪያ ያዙ። በአንድ ወረቀት ቃሉን ከነትርጉሙ በአማርኛ ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ፤ ትርጉም የሌለው ቃል በሳምንቱ ይጠፋል። ቦታ ከጠፋ ደግሞ ኪውን እስከ መጨረሻ አታቆዩ፦ ከረጢቱ ውስጥ 7 ወይም ከዚያ በላይ ጠጠር እስካለ ድረስ ተራችሁን ሰጥታችሁ መለወጥ ይፈቀዳል፣ ከ7 በታች ሲሆን ግን አይቻልም።