ሲትካ ላይ ከልጆችና ከእናት ጋር፤ ድቦቹ ጋ መሄድ ያዋጣል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከሲያትል በሚነሳ ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) አላስካ ልትሄዱ ነው። ሁለት ትንንሽ ልጆችና እናትሽ አብረውሽ አሉ። መርከቡ በሚቆምባት የአላስካ ከተማ ሲትካ ላይ መጠለያ ውስጥ ያሉትን ድቦች ማየት ይሻላል ወይስ ከተማውን መዞር፣ ልጆቹስ የተዘጋበት እንስሳ አይተው አይከፋቸውም ወይ ነው ያልሽው። እኛም ከልጆቻችንና ከእናቴ ጋር በዚሁ መንገድ ሄደናል። ሂዱ ነው የምልሽ። ከድቦቹ ሌላ ንስሮቹንም በዚያው ቀን አይታችሁ ትመለሳላችሁ።

የድቦቹ ቦታ ፎርትረስ ኦፍ ዘ ቤር ይባላል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ድሮ ከእንጨት የወረቀት ጥሬ ዕቃ ያመርት በነበረ ፋብሪካ ግቢ ነው ያለው። ፋብሪካው በ1993 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ቆሻሻ ውሃ ይጣራባቸው የነበሩ ግዙፍ ክብ የሲሚንቶ ገንዳዎች ግን ቀሩ። ከ2007 ጀምሮ የድቦች መኖሪያ የሆኑት እነዚያ ገንዳዎች ናቸው። መጀመሪያ ስታዪው ግድግዳው ትንሽ ይከብድሻል። ውስጡ ግን አፈር አለው፣ ግንድ አለው፣ የሚዋኙበት ውሃ አለው። ጎብኚው የሚያያቸው ጣሪያ ካለው መድረክ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ነው። ለእናትሽም ለልጆቹም አያስቸግርም።

አሁን ወደ ልጆቹ ነገር ልምጣ። አላስካ ውስጥ እናቱ የሞተችበትን የድብ ግልገል አሳድጎ ወደ ጫካ መመለስ አይፈቀድም። የቡናማ ድብ ግልገል ከእናቱ ጋር ሁለት፣ ሦስት ዓመት ይቆያል። ምን እንደሚበላና የት እንደሚያገኘው የሚማረው ከእሷ ነው። ሰው ያሳደገው ድብ ሲርበው ወደ ሰው ቤት ይመጣል፣ ያኔ ይገደላል። ስለዚህ ወላጅ ያጣ ግልገል ወይ የሚቀበለው ቦታ ያገኛል፣ ወይ ይሞታል። እዚህ ቆይተው ሌላ ግዛት ወዳሉ መካነ አራዊት የተላኩም አሉ።

ይህን ቀድመሽ መርከቡ ላይ ንገሪያቸው። የእኔ ትልቋ ልጅ «ለምን አይለቋቸውም?» ብላ ጠባቂዋን ፊት ለፊት ጠየቀቻት። ሴትዮዋም ሳታለባብስ ነገረቻት። ልጄ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ጥያቄው ወረደ፤ ማን ከማን ይጣላል፣ ማን ዓሣ ይወዳል፣ የትኛው ነው ታላቁ። ከዚያ ቦታ ልናስነሳት አልቻልንም። ሆለታ አጠገብ ያለውን እንሰሳ ኮቴ የሚባል የዱር እንስሳት መጠለያ የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። እዚያም ከሰው እጅ የተወሰዱ አንበሶች አሉ፣ ዱር ቢለቀቁ ራሳቸውን ችለው መኖር የማይችሉ።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። በሌላ ወደብ «ግልገል አቅፋችሁ ፎቶ ተነሱ» የሚል ቦታ ካጋጠመሽ ልጆቹ ቢያለቅሱም አትግቢ። ለእንስሳው ብሎ የተቋቋመ መጠለያ ለፎቶ ብሎ ግልገል እጅ በእጅ አያዞርም።

ንስሮቹ ያሉት አላስካ ራፕተር ሴንተር ነው። ከመሃል ከተማ በእግር ይደረሳል። ከ1980 ጀምሮ የተጎዱ አዳኝ አሞራዎችን ያክማል። መኪና የገጨው አለ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ክንፉን የሰበረው አለ። ከሁሉም እኔ የወደድኩት የበረራ መለማመጃውን ሰፊ አዳራሽ ነው። ወፎቹ ሰው እንዳይለምዱ ስለሚፈለግ እናንተ በመስታወት ታዩአቸዋላችሁ፣ እነሱ ግን አያዩአችሁም። የዳኑት ይለቀቃሉ። ልጆቹ ድቦቹ ጋ ያልሰሙትን መልስ እዚህ ይሰማሉ። ጭንቅላቱ ነጭ ያልሆነ ንስር ካዩ ደግሞ ሌላ ዓይነት እንዳይመስላቸው፤ ነጩ የሚወጣው አራት፣ አምስት ዓመት ሲሞላው ነው።

ለእናትሽ መሃል ከተማ የቅዱስ ሚካኤል ካቴድራል አለላቸው። ሩሲያ አላስካን በ1867 ለአሜሪካ እስክትሸጥ ድረስ ሲትካ የሩሲያ አላስካ ዋና ከተማ ነበረች፣ ቤተ ክርስቲያኑም የዚያ ዘመን ነው። በ1966 ተቃጥሎ እንደገና ተሠራ። እሳቱ ሲነሳ የከተማው ሰው ተረባርቦ ሥዕሎቹን አወጣቸው። ሥርዓቱ ከእኛ ይለያል። እናቴ ግን ሚካኤል መሆኑን ስነግራት ነጠላዋን አስተካክላ ነው የገባችው። ኦገስት ከሆነ ጉዟችሁና ፍልሰታን የሚጾሙ ከሆነ፣ መርከቡ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ለአስተናጋጁ ንገሪ፤ የጾም ምግብ ያዘጋጃሉ።

ትልልቅ መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆሙት ከከተማው ራቅ ብሎ ነው፣ ግን ወደ መሃል የሚያደርስ ነፃ አውቶቡስ አለ። ከዚያ ታክሲ ይዛችሁ መጀመሪያ ድቦቹ ጋ ሂዱ፣ ሩቁ እሱ ነውና። የመመለሻውን ታክሲ ሳትወርዱ ተነጋገሩ። ፀሐይ ቢሆንም የዝናብ ልብስ ያዙ። ሰዓቱንም ልብ በይ፤ አላስካ ከሲያትል በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስልክሽ በራሱ ሊቀይር ይችላል፣ የሚያስኬደው ግን የመርከቡ ሰዓት ነው።

የእናትሽን ወረቀት ግን ዛሬውኑ እዪው። ከሲያትል የሚነሱ እነዚህ መርከቦች ካናዳ ይቆማሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የካናዳ ቪዛ አያስፈልገውም፣ ነገር ግን ካርዱም የኢትዮጵያ ፓስፖርቱም ጊዜው ያላለፈበት መሆን አለበት። ብዙ እናቶች ግሪን ካርድ ካገኙ በኋላ ፓስፖርታቸውን አያሳድሱም። የእሳቸው ካለፈ ማሳደስ ጊዜ ስለሚወስድ አሁኑኑ ጀምሪ።